ከሜደሊን የመጣችው ሴት

ሩቢኤላ ቤታችን በገባችበት ቀን አያቴ ካሲሚሮ ሊያባርራት ምንም አልቀረውም ነበር። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ከወንበሩ ሆኖ አፈጠጠባትና፣

«አንቺ ሴትዮ፣ አገርሽ የት ነው?» አላት።

«ሜደሊን ነው ጌታዬ።»

«የቆምሽበትንማ እኔም አውቀዋለሁ። የመጣሽበትን ነው የጠየቅሁሽ።»

«የመጣሁትም ከሜደሊን ነው።»

አያቴ በደህናው እጁ የወንበሩን መደገፊያ መታው። «ኤንካርና! ይቺን ከየት ነው ያመጣሽብኝ? ገና ደጃፍ ላይ ታሾፍብኝ ጀመር!»

እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አባዬ ደግሞ! ከሌላኛው ሜደሊን ነች እኮ። ከኩሬው ማዶ።»

እኔ ከወንበሩ ጀርባ ቆሜ የወይራ ዘይት የጠጣ ዳቦ እበላለሁ። ስሜ ኤውላሊያ ነው፤ ላሊ ይሉኛል፤ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። በእኛ አገር የአትላንቲክን ውቅያኖስ «ኩሬው» ይሉታል። ይህን የሚያውቀው ግን ትልቅ ሰው ነው። እኔ የማውቀው ትልቅ ውሃ በመንደራችን ጥግ የሚያልፈውን የጓዲያናን ወንዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሴትዮዋ ድልድዩን ተሻግራ የመጣች የገዛ መንደራችን ሰው ናት አልኩ በልቤ። የገረመኝ ማንም የማያውቃት መሆኑ ነው።

ዛሬ ነገሩ ይገባኛል። አንድ የሮማውያን የጦር አዛዥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ኮረብታችን ላይ ሰፍሮ ስሙን ትቶልን ሄደ። የእኛም ሰዎች በተራቸው ስሙን በመርከብ ጭነው በየደረሱበት ተከሉት። በኮሎምቢያ ሜደሊን አለ፣ በሜክሲኮ አለ፣ በፊሊፒንስም አለ። የኮሎምቢያው ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ከተማ ነው። የሁሉም እናት የሆነው የእኛው ግን መንደር ነው፤ አንድ አደባባይ፣ የቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ጎጆ የሠሩ ሽመላዎች፣ የቲማቲምና የሩዝ ማሳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ኮረብታና አናቱ ላይ የቆመ አሮጌ ግንብ።

ጊዜው የድሮው ገንዘባችን ፔሴታ ሊቀር፣ ዩሮ ሊመጣ የተቃረበበት ወቅት ነበር። አያቴ በዚያው ዓመት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ወንበር ላይ ቀርቷል። እናቴ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ትሠራለች። አባቴ ፌርሚን ሩዙና አሳማዎቹ ጋር ይውላል። ሩቢኤላ የመጣችው አያቴን ልትጠብቅ ነው።

በእኛ መንደር ቄሱንም ሆነ ከንቲባውን «አንተ» ነው የምንለው። ሩቢኤላ ግን ለሁሉም «እርስዎ» ትላለች። ለእኔ እርስዎ፣ ለውሻው እርስዎ፣ ዶሮዋ ወጥ ቤት ስትገባ እንኳ «እርስዎ እመቤት፣ ይውጡልኝ፤ ቦታዎ አይደለም!» እያለች በመጥረጊያ ትሸኛታለች። ጎረቤታችን ቶማሳ ይህን ሰምታ መንደሩን ሁሉ አሳቀችበት።

«ላሊ፣ ያቺ ሴትዮአችሁ ለዶሮ እርስዎ ካለች፣ ለጳጳሱ ምን ልትል ነው?» ትለኛለች በአጥር ላይ ተንጠልጥላ።

እኔ ግን ሰው እርስዎ ብሎኝ አያውቅም ነበርና ከሩቢኤላ ጀርባ መለየት አቃተኝ። አያቴም ቢሆን ብዙ አልቆየ። መጀመሪያ ቦሎቄ ወጧን «የአሳማ ቀለብ» አለው። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ትንሽ ጨምሪልኝ፣ እንዳይደፋ ብዬ ነው እንጂ» አለ። ጢሙን ስትላጨው ደግሞ ሁለቱ ይከራከራሉ።

«እውነተኛው ሜደሊን የእኛ ነው» ይላል አያቴ በሳሙና አረፋ ውስጥ። «የእናንተ ቅጂ ነው።»

«ልክ ነዎት ጌታዬ። ቅጂው ግን ባቡር አለው። ከጣሪያ በላይ የሚሄድ።»

«ውሸታም።»

«አይንቀሳቀሱ፤ ጆሮዎን እንዳልቆርጠው።»

አንድ ከሰዓት በኋላ እጇን ይዤ «ቤትሽን ልፈልግልሽ» አልኳት። የጠፋባት መስሎኝ ነው። ድልድዩን ተሻገርን። ውሃው ቡናማ ነበር፤ ከታጨደው ሩዝ ማሳ የረጠበ ገለባ ይሸታል።

«በርሽ ምን ዓይነት ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ከቤትሽ ምን ይታያል?»

«ከላይ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይታያል። ወንዙም፣ ድልድዩም።»

ማዶ ላይ ማሳና ነጫጭ ወፎች እንጂ ሰማያዊ በር አልነበረም። ሩቢኤላ የድልድዩን ድንጋይ ተደግፋ ቆየች። ጉንጯ ሲረጥብ አየሁና «ቤትሽን አፍርሰውታል?» አልኳት።

«አይ ንግሥቴ፣ ነፋሱ ነው» አለች።

እሑድ እሑድ፣ አያቴ ከምሳ በኋላ ሲያንቀላፋ፣ አደባባዩ ላይ ካለው የስልክ ሳጥን ትደውል ነበር። እኔን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ በወረቀት የተጠቀለለ የሱፍ ፍሬ ትሰጠኛለች። ሱፉን እየፈለፈልኩ ጆሮዬን አቆማለሁ። የሳጥኑ መስታወት ከስሩ ተሰብሯልና ድምፅዋ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይደርሰኝ ነበር።

«ልጄ፣ ንግሥቴ፣ በልተዋል? ... ከላይ እንዳይወርዱ፣ እሺ? ማንም ቢጠራዎት አይውጡ። አክስትዎ ካልሆነች በስተቀር ማንም ቢሆን ... አያልቅሱ። እናትዎ ሩቅ አይደለችም። ሜደሊን ነኝ እኮ። እርስዎም ሜደሊን፣ እኔም ሜደሊን።»

ከሳጥኑ ስትወጣ ፊቷን በመሀረቧ ጠረገችና ጎንበስ ብላ «ለእናትዎ አይንገሩብኝ» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ የሜደሊን ኮረብታዎች ላይ፣ ማለቴ በዚያኛው ሜደሊን፣ ጎረምሶች በየደረጃው መሣሪያ ይዘው ይቆሙ እንደነበር፣ አንዱ ሰፈር ከሌላው ሰፈር በመስኮት በኩል ይታኮስ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ላይ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው፤ ሩቢኤላ ልጅ አለቻት፤ ልጅቷ ሜደሊን ውስጥ ተደብቃለች፤ የተደበቀችው ከላይ ነው። በሜደሊን ደግሞ ያለው «ላይ» አንድ ብቻ ነው። ግንቡ።

የግንቡ ውስጥ ባዶ ነው፤ የሚኖሩበት ሙታን ብቻ ናቸው። የመንደራችን መቃብር እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ቀናሁ፤ «ልጄ» እና «ንግሥቴ» የሚባል ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ታኅሣሥ ሲገባና ብርዱ ሲጠና ግን ቅናቱ ሌላ ነገር ሆነ። ማታ ብርድ ልብሴን ስሳብ መቃብር መሃል የምትተኛው ልጅ ትታየኛለች። ምን ትበላለች? ሩቢኤላ እሑድ እሑድ በስልክ «በልተዋል?» ከማለት በቀር ምግብ ስትወስድላት አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ቀን፣ ሩቢኤላ አያቴን እያጠበች ሳለ፣ ከጓዳ ግማሽ ዳቦና ጣሪያው ላይ ከተሰቀለው ቋሊማ አንድ ክንድ የሚያህል ወስጄ ወጣሁ። ዳገቱን ስጀምር ጉም ከወንዙ ተነሥቶ ነበር። በብርድ ወራት የጓዲያና ጉም ሲመጣ የገዛ እጅህን አታይም። የብረቱን በር ገፍቼ ገባሁ። ለሙታን በዓል የቀረቡት አበቦች በስብሰው ይሸታሉ። በመቃብሮቹ መሃል ቆሜ ጮህኩ።

«የሩቢኤላ ልጅ! ውጪ! ዳቦ ይዤልሻለሁ!»

የወጣ ሰው የለም። ማንም ቢጠራት እንዳትወጣ መባሏ ትዝ አለኝና እንደገና ጮህኩ።

«አክስትሽ ነኝ!»

የሆነ ወፍ በላዬ ክንፉን አማታ። መመለስ ፈለግሁ፤ በሩን አጣሁት። በየዞርኩበት መቃብር ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቋሊማውን ቀምሼ የሷን ድርሻ አስቀረሁ፤ ቀጥሎ ማልቀስ ጀመርኩ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ከታች የሰዎች ድምፅ፣ የውሾች ድምፅ፣ የአባቴ ፉጨት ይሰማኛል፤ ግን ጉሙ ድምፁን ሁሉ ከአራቱም ማዕዘን ያመጣዋል።

ቀድማ ያገኘችኝ ሩቢኤላ ነች። አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይዛ እስኪያመኝ ጨመቀችኝና፣ «ምን ይሠራሉ እዚህ? እግዜር ያሳይዎት፣ ምን ይሠራሉ?» አለች።

«ልጅሽን ፍለጋ ነው። ርቧታል ብዬ ነው። ጠራኋት፣ እምቢ አለች።»

ሩቢኤላ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አዝላኝ ወረደች።

ወጥ ቤታችን በፈላጊ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። እናቴ እንዳበደች ሴት አንድ ጊዜ ሳመችኝ፣ አንድ ጊዜ በጥፊ መታችኝ። «ዳቦውን ለማን ነው የወሰድሽው?»

«ለሩቢኤላ ልጅ። ግንቡ ውስጥ ደብቃታለች።»

ቶማሳ ሳቀች፤ አባቴም ሳቀ። ከዚያ ሩቢኤላን ሲያዩ ሁለቱም አቆሙ።

«ልጅ አለሽ እንዴ?» አለች እናቴ።

«አለችኝ። ዬሴንያ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እህቴ ጋ ናት፣ እዚያ።»

«ስጠይቅሽ የለኝም አላልሽኝም?»

«ማድሪድ በሁለት ቤት ልጅ አለኝ ስላቸው በሩን ዘጉብኝ። ሦስተኛውን ፈራሁ፣ እመቤቴ።»

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እኔንም መክሰስ ሳልቀምስ ወደ ክፍሌ ላኩኝ፤ ጆሮዬን ግን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የአያቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። «በጥር በሩ ይዘጋል! ... አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ... አሳማዎቹን ሽጥ አልኩህ ፌርሚን!» የእናቴ ድምፅ፣ «ዝም ከምትዪ ብትነግሪኝ ኖሮ ...» የሩቢኤላ ለቅሶ።

ከግድግዳው ራቅሁና አልጋዬ ላይ ወጣሁ። አትናገሪ ያለችኝን ተናግሬአለሁ፤ ሊያስወጧት ነው፤ በጥር ደግሞ በሩን ይዘጉባታል።

ቀጥሎ የሆነው ሁሉ ለፍርሃቴ ማስረጃ ነበር። በየዓመቱ ከገና በፊት አሳማ እናርዳለን። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ቢላ ይዞ ይመጣል፣ ልጆች ፊኛውን ነፍተን ኳስ እናደርገዋለን። በዚያ ዓመት ግን አንድ የጭነት መኪና መጥቶ አሳማዎቹን ሁሉ ጭኖ ሄደ። ግቢው ጸጥ አለ። ቅጣት መስሎኝ አልጠየቅሁም። አንድ ማለዳ ደግሞ አባቴ መኪናውን ሲያሞቅ፣ ሩቢኤላ የእሑድ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ በመስኮት አየሁ። ክንዷ ላይ ቀዩ ካፖርቴ አለ። የእኔ ካፖርት! ወደ ደጅ ስሮጥ መኪናው ታጥፎ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አልበላሁም። አያቴ ከወንበሩ ሆኖ ያየኛል።

«አባረራችኋት» አልኩት።

«ማን?»

«እናንተ። በሩን ልትዘጉባት ነው።»

አያቴ አፉ በአንድ ጎን ብቻ ነበር የሚስቀው። «እንዲህ ነው? ነይ ወደዚህ» አለኝ። «በሩ የእኛ አይደለም። የመንግሥት ነው። ነገ ይገባሻል።»

የተናገረው ስለ ቪዛ ነበር። ከጥር ጀምሮ ከኮሎምቢያ የሚመጣ ሰው ያለ ቪዛ አገራችን መግባት ሊከለከል ነበር፤ አያቴ ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር ስለሚውል ከመንደሩ ቀድሞ ሰምቶታል። አሳማዎቹ የአውሮፕላን ትኬት ሆነዋል። አባቴና ሩቢኤላ የሄዱት ማድሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ይህን ሁሉ ቁጭ አድርገው ቢነግሩኝ ኖሮ የዚያን ቀን ሐዘን ይቀርልኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እንኳንም አልነገሩኝ እላለሁ። የማግስቱን ደስታ እንደዚያ ሙሉውን አላገኘውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው አደባባዩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ቀይ ካፖርቴ ወረደ። ውስጡ ቀጭን፣ ጠይም፣ ክንዷ ከእጅጌው የተረፈ ልጅ ነበረች፤ ጉንጯ ላይ የመኪናው ወንበር ስፌት ታትሟል። ቆም ብላ አየች፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሽመላዎቹን፣ የስልክ ሳጥኑን፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለችውን ቶማሳን።

«እማዬ» አለች፣ «ሌላውስ የት አለ?»

«ምኑ ልጄ?»

«የቀረው ሜደሊን።»

አያቴን በር ላይ አስቀምጠውት ነበር። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «የቀረውን አንቺ ይዘሽው መጥተሻል!» አላት።

ዬሴንያ በእኔ ክፍል ተኛች። መጀመሪያ አልተነጋገርንም፤ እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ ካፖርቴን አያለሁ። ሁለተኛው ቀን እሑድ ነበር። ቁርስ ላይ ሳለን ከውጭ ተኩስ ተሰማ። አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ተከታታይ። በእኛ መንደር በብርድ ወራት እሑድ ጠዋት ተኩስ ማለት ቆቅ ማለት ነው፤ ወንዶቹ ሁሉ ማሳ ላይ ናቸው። ማንም ቀና አላለም። ዞር ስል የዬሴንያ ወንበር ባዶ ነው። የወተቱ ኩባያ ተገልብጧል።

አልጋዬ ስር አገኘኋት። ድብብቆሽ መሰለኝ! ደስ ብሎኝ ገብቼ ከጎኗ ተጋደምኩ። ወዲያው ጭንቅላቴን ይዛ ወለሉ ላይ አጣበቀችኝና በላዬ ተኛችብኝ። ልቧ ጀርባዬ ላይ ይመታል። ልስቅ ስል አፌን ያዘችኝ።

«ዝም ይበሉ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዝም ካልን ያልፋሉ።»

እንደዚህ ያለ ጥሩ ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ። የሩቢኤላ እግሮች መጡ፤ ጉልበቷ መጣ፤ ከዚያ እሷም ወለሉ ላይ ተዘርግታ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። በሩ ላይ የአባቴ ጭቃ የነካው ቦቲ ይታየኝ ነበር። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዞሮ ሄደ፤ የደጁ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ከዚያ እሑድ በኋላ ተኩስ አልተሰማም። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ግራ ገብቶኝ አባቴን «ቆቆቹስ?» አልኩት።

«አለቁ» አለኝ።

አዘንኩላቸው። አምኜው አደግሁ።

አያቴ ከሦስት ዓመት በኋላ በሩቢኤላ እጅ ላይ አረፈ፤ ዓይኑን የከደነችው እሷ ነች። እሷ ግን ከመንደሩ አልወጣችም፤ አደባባዩ ላይ ቤት ገዝታ በሩን ሰማያዊ ቀባችው። ዬሴንያ ዛሬ በአጠገባችን ባለው ከተማ የልጆች ነርስ ናት። እኔ ወንድምም እህትም አልነበረኝም፤ እሷ ሁለቱንም ሆነችልኝ። ብዙ ጊዜ ሰዎች ስለ ልጅነቴ ሲጠይቁኝ መነሻው ይጠፋኛል፤ ከተሰጠኝ የቱን አስቀድሜ የቱን አስከትላለሁ?

አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። ለሐዘን ቤታችን ከመጡት መካከል ቶማሳ ነበረች፤ አርጅታ በከዘራ ነው የምትሄደው። በዬሴንያና በእኔ መሃል ተቀምጣ የሁለታችንንም እጅ ያዘች።

«ፌርሚን ደግ ሰው ነበር» አለች። «ግን እኛን ቆቅ አስርቦ ገድሎናል።»

«እንዴት?» አልኳት።

«ያን ጊዜ ነዋ፣ ይቺ የመጣች ጊዜ። እሑድ ጠዋት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ማሳ ድረስ መጣ፤ ለባሌና ለሌሎቹ ‹ልጅቷ እስክትለምድ› አላቸው። ሌላ ነገር አላለም። ባሌ እዚያው ጠመንጃውን አጥፎ ተመለሰ። ወራቱን ሙሉ ማንም አልተኮሰ። ቆቆቹ ለምደው እንደ ዶሮ ደጃፋችን ድረስ ይመጡ ነበር። ባሌ በመስኮት እያያቸው ምራቁን ይውጣል!»

ዬሴንያ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር። «መንደሩ ሁሉ?» አለች።

«ጠመንጃ ያለው ሁሉ።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁንም?»

ቶማሳ የሚገርም ነገር የተጠየቀች ይመስል አየቻት።

«ምኑን ልጄ? ያልተተኮሰ ጥይት ምን ወሬ አለው?»